ከሸምበቆ የወጣ ቃል

ሆስፒታሉ ውስጥ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት፤ ከእሷ ሌላ የሚያውቀው መዝገብ ቤት የተቀመጠው ፋይሉ ነው። ለቀረው ሰው ሁሉ «ጆሮ» ነው። እኩዮቹ ጆሮ ይሉታል፣ ታናናሾቹ ጋሽ ጆሮ። አዲስ የሚቀጠሩ ነርሶች ስሙን መጀመሪያ ሲሰሙ ጆሮ ጠቢ ይመስላቸዋል። እሱ በኮሪደሩ ባለፈ ቁጥር የጀመሩትን ሐሜት ዋጥ ያደርጉና ስለ አየሩ ጠባይ ማውራት ይጀምራሉ። ከዚያ አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ አንድ ክንድ የሚሆን ፌሮ ከግድግዳው ጋር አስደግፎ፣ የፌሮውን ሌላ ጫፍ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኙታል። ያን ጊዜ ነገሩ ይገለጥላቸዋል። «ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ጆሮውን ለግድግዳ የሰጠ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ» ያለችው አዋላጅ ቀልዷ እስካሁን ይነገርላታል።

የቧንቧ ሰራተኛ ነው። ሰላሳ አራት ዓመት ሙሉ በዚያው ሆስፒታል ጥገና ክፍል ሠርቷል። ሲቀጠር የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ ፌሮውን የሰጡትም፣ ማዳመጥን ያስተማሩትም ያኔ የክፍሉ አለቃ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ግፊት ያለበት ቧንቧ ሲያፈስ በጥርሱ መሀል እንደሚያንሾካሹክ ሰው ነው። ሊዘጋ የተቃረበ የፍሳሽ መውረጃ ጡት እንደጠገበ ሕፃን ያገሳል። ሚዛኑን የሳተ ፓምፕ ደግሞ ጉሮሮውን እየጠራረገ ሊናገር ያሰበውን እንደረሳ ሰው ይሆናል። ጆሮ ይህን ሁሉ ለይቶ ያውቃል። ሌሎች ግማሽ ግድግዳ አፍርሰው የሚያገኙትን ቀዳዳ፣ እሱ በጠመኔ መስቀል ምልክት አድርጎ «እዚህች ጋ ብቻ ስበሩ» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል፣ ሁለቱንም ከነቀኑ ያስታውሳቸዋል።

ሚስቱን ያገኘውም በሥራው ነው። የሆስፒታሉ ስፌት ክፍል ውስጥ የተቀደደ አንሶላና የሐኪም ጋውን የምትጠግን ልጅ ነበረች። ጣሪያው እያንጠባጠበ የልብስ ስፌት መኪናዋን ሊያበላሽባት ሲል ተጠርቶ ሄደ። ጠብታው በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነበር፤ እሱ ግን አራት ቀን ተመላለሰ። ሚስቱ እስከ ዛሬ ይህን ስታነሳ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔን የወሰደኝ ግን እያንጠባጠበ ነው» ትላለች።

ትምህርቱ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አባቱ ሲሞቱ እሱ የቤቱ ታላቅ ስለነበር ደብተሩን አስቀምጦ ወደ ሥራ ገባ። እንግሊዝኛ ፊደሉን ይቆጥራል፤ በቫልቭና በፓምፕ ላይ የተጻፉትን አጫጭር ቃላት እንደ ሰው መልክ ለምዷቸዋል። መጽሐፍ ግን ሌላ ነገር ነው። መጽሐፍ የተጫነበት መደርደሪያ ባየ ቁጥር፣ ያልተጋበዘበት ድግስ በር ላይ እንደቆመ ሰው እግሩ ሰብሰብ ይላል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ለሕፃናት ክፍል አዲስ ፓምፕ መጣ። ከፓምፑ ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማንዋል አለ፤ በዚያው ወር ደግሞ አዲስ ኢንጂነር ተመድቦላቸው ነበር። ልጅ እግር ነው፣ ከሠላሳ አያልፍም፤ ሥራውን ያውቃል፣ ችኩል ነው። ምድር ቤት ወርደው ፓምፑን ሲገጥሙ የኢንጂነሩ እጅ በግራሶ ተነክሮ ስለነበር ማንዋሉን ለጆሮ ሰጠው።

«ጋሼ፣ እስኪ ከሥዕሉ ሥር ያለችውን መስመር ያንብቡልኝ።»

ጆሮ መነጽሩን አጠለቀ። «ቻ... ናል... ዘ... ፍሎው...» አለ። ፍሎው ማለት የውሃው ፍሰት እንደሆነ ከቫልቮቹ ላይ ያውቃል። ቻናልንም ያውቃል፤ የማያውቅ የለም። ግራ ገብቶት ቀና አለና ከልቡ ጠየቀ፦ «እንዴ! ይሄ ፓምፕ ደግሞ ቴሌቪዥን አለው እንዴ?»

የኤሌክትሪክ ሰራተኛው ሳቅ አፍኖ ሊይዝ ሞከረ፣ አቃተው፤ ግድግዳ ተደግፎ እስኪንሸራተት ሳቀ። ሁሉም ሳቀ። ኢንጂነሩም ፈገግ ብሎ «ወደ መውረጃው ምራው ነው የሚለው፣ ጋሼ» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ጆሮ አብሯቸው ሳቀ። ሳምንቱን ሙሉ ግን ቧንቧ ተሸክሞ ባለፈ ቁጥር «ጋሽ ጆሮ፣ የዛሬው ኳስ በየትኛው ቻናል ነው?» የሚለው ጠፍቶ አያውቅም። በሳቁ ቁጥር እሱም ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አላለፈም። የከነከነው መሳቃቸው አልነበረም። ቃሉ ነው የከነከነው። ቴሌቪዥንና ውሃ ምን አገናኛቸው?

ከቤቱ ሁለት በር አልፎ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ይኖራሉ። አርባ ዓመት አስተምረዋል፤ የሰፈሩ ሰው እትዬ መምህርት ይላቸዋል። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ አእምሯቸው ምላጭ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የወጥ ቤት ቧንቧቸው አልዘጋ ብሎ አስጠሩት። ውሃውን የምትዘጋው ትንሽ ጎማ፣ ጎሚኒዋ፣ አርጅታ ነበር፤ አውጥቶ በአዲስ ተካት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

«እግዜር ይስጥልኝ። ምን ላድርግልህ ታዲያ?» አሉት።

«አንድ ቃል ይንገሩኝ» አለ ጆሮ፤ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ደነገጠ።

ታሪኩን ሳይደብቅ ነገራቸው፤ ስለ ቴሌቪዥኑም፣ ስለ ሳቁም። እትዬ መምህርት አልሳቁም። እጁን ይዘው ወደ ሳሎን ወሰዱት፤ ከመደርደሪያው ታችኛው ረድፍ ላይ የጡብ ክብደት ያላቸውን ሁለት መዝገበ ቃላት፣ የእንግሊዝኛና የአማርኛ፣ አሳዩትና የእንግሊዝኛውን አስወጡት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ ማጉያ መነጽራቸውን አንስተው፣ ገጹን በጣታቸው እየዳሰሱ ወረዱ።

«ይኸውልህ። ስም ሲሆን ቦይ ማለት ነው። ግስ ሲሆን ደግሞ» አሉና ቀና ብለው አዩት፣ «ውሃ በየፊናው እንዳይባክን መንገድ አበጅቶ፣ ሰብስቦ፣ ወደሚፈለግበት መምራት። ልጄ፣ ይሄ እኮ ሥራህ ነው! ሰላሳ አራት ዓመት የኖርክበት ግስ ነው።»

ጆሮ ሳያስበው ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ቴሌቪዥኑስ?»

«እሱም ከዚያው ነው። ምስሉና ድምፁ ከሌላው ጋር ሳይደባለቅ የሚፈስበት መንገድ ስለሆነ ቦይ አሉት። ግሱ ደግሞ ለውሃ ብቻ አይደለም። ለጉልበትም፣ ለቁጣም፣ ለሐዘንም ይሆናል።» ማጉያቸውን ገጹ ላይ አሳረፉ። «ባለቤቴ የሞቱ ጊዜ ሐዘኔን ቦይ ቀድጄለት ወደ ተማሪዎቼ መለስኩት። ዝም ብዬ ብተወው ኖሮ ይህን ቤት ያፈርሰው ነበር።»

ጆሮ ራሱን ነቀነቀ። በሙያው የሚያውቀው ነገር ነበር፤ የታመቀ ውሃ ቤት ያፈርሳል። ለሰው እንደሚሠራ ግን አስቦት አያውቅም።

«ከየት መጣ ታዲያ ቃሉ?» አለ ወደ ገጹ ጎንበስ ብሎ።

«አሃ! አሁን ጥሩ ተማሪ ሆንክ።» ማጉያውን አንድ መስመር ወደ ታች አወረዱ። «እንግሊዞቹ ከፈረንሳዮች ወሰዱት። ፈረንሳዮች ከላቲን ወረሱት፤ ላቲኖቹ የውሃ መተላለፊያን ካናሊስ ይሉ ነበር። ካናሊስ ደግሞ የወጣው ካና ከሚል ቃል ነው። ካና ምን መሰለህ?»

«እኔ ምኑን አውቄ።»

«ሸምበቆ።»

«ሸምበቆ? ይሄ ወንዝ ዳር የሚበቅለው?»

«ያው ራሱ። ውስጡ ባዶ የሆነው፣ ቀጥ ብሎ የሚያድገው። መጀመሪያ ሸምበቆ ነበር፤ ከዚያ ሸምበቆ የሚመስል ሁሉ፣ ከዚያ ውሃ የሚተላለፍበት ሁሉ በዚያው ተጠራ። እኛ መሬቱን ስለምንቀደው ቦይ ቀደድን እንላለን። እነሱ ያዩት መሬቱን ሳይሆን ሸምበቆውን ነው።»

«ላቲኖቹ ናቸው እንግዲህ መጀመሪያ ያሉት?»

«የለም፣ ገና ነው። እነሱ ከግሪኮች ተቀበሉት። ግሪኮች ደግሞ፣ ሊቃውንቱ እንደሚሉት፣ ከምሥራቅ ሰዎች፤ በሸምበቆ እርጥብ ጭቃ ላይ ይጽፉ ከነበሩት። የእነዚያ ቋንቋ የግዕዝ ዘመድ ነው። ስለዚህ ባዕድ እንዳይመስልህ። ግሪኮች ያንን ቀጥ ያለ ሸምበቆ እንደ መለኪያ ዘንግ ይጠቀሙበት ነበር። መለኪያው እየዋለ እያደረ ደንብ የሚል ትርጉም ያዘ። ደንቡንም እኛ በግዕዝ በኩል ተቀብለን ምን አልነው? ቀኖና! ያንተ ቻናልና የእኛ ቀኖና የአንድ አያት ልጆች ናቸው።»

ጆሮ ዓይኑን የሳሎኑ ወለል ላይ ተከለ። እትዬ መምህርት አላቻኮሉትም፤ አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ተማሪው የሚያስብበትን ጊዜ ያውቃል።

«እና ማነው መጀመሪያ ሸምበቆውን ያየና ያንን ድምፅ ያወጣው?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እሱን የሚያውቅ የለም።»

መሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። መንገዱ ያው የማለዳው መንገድ ነው። የልብስ ንጽሕና ቤቱ፣ የጫማ ጠጋኙ ጥላ፣ ፍርግርጉ የተሰበረው የጎርፍ ማስተላለፊያ። ግን ከእግሩ ሥር ያሉት ቧንቧዎች ሁሉ ድንገት ትዝ አሉት። በየግቢው የገባው፣ ከዋናው መስመር የተቀጠለው፣ በየግድግዳው ሽቅብ የወጣው። ሁሉም ሸምበቆ ናቸው። አንድ ሰው አንድ ቀን ወንዝ ዳር ሸምበቆ ቆረጠና አንዱን ጫፍ ውሃው ውስጥ ነከረ፤ ውሃው በሌላው ጫፍ ወጣ። ያ ሰው ለጎረቤቱ አንድ ድምፅ ነገረው። ጎረቤቱ ለልጁ፣ ልጁ ለባዕድ፣ ባዕዱ ለሌላ ባዕድ። አፍ ለአፍ ሲፈስ ኖሮ፣ አንድም ቦታ ሳይቋረጥ፣ ሰኞ ጠዋት ምድር ቤት ድረስ ወርዶ እሱ እጅ ላይ ደረሰ።

ምሳ ላይ ለሚስቱ ሊነግራት ሞከረ።

«ቻናል ማለት ሸምበቆ ነው» አላት።

«እሺ። ሸምበቆ ከሆነ ምን ይሁን?»

«ምን ይሁን ማለት... ይኸውልሽ፣ ሰዎች አፍ ለአፍ እየተቀባበሉት፣ ግሪኮች፣ ከዚያ በፊትም በጭቃ ላይ የሚጽፉት...»

እጇን ዘርግታ ግንባሩን ዳሰሰችው። «አንተ ሰውዬ፣ ትኩሳትስ የለህም።» ከዚያ ሳህኑን አነሳችና ወደ ጓዳ ስትሄድ ዞር ሳትል ጠየቀች፦ «መቀስስ ከምን መጣ?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚስቱን ጥያቄ ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ረፋድ የመዝገበ ቃላት ሰዓት ሆነ። እትዬ መምህርትን ማጉያ መነጽሩ እያደከማቸው ስለመጣ እሱ ፊደሉን አንድ በአንድ ይጠራል፣ እሳቸው ይተረጉማሉ። መቀስ ከዐረብኛ እንደመጣ ለሚስቱ ሲነግራት «አይ፣ እሱንማ ከነስለቱ ነው ያመጡት» ብላ እንደተራ ወሬ አለፈችው፤ ሰኞ ዕለት ግን ለስፌት ክፍል ጓደኞቿ ሁሉ ስታወራ ተሰማች።

በዚያው ዓመት፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ የሕፃናት ክፍሉ ጉዳይ መጣ። ክፍሉ የሆስፒታሉ አሮጌ ክንፍ ውስጥ ነው። የኋላ ግድግዳው ከማንም ሰው ትዝታ በፊት ጀምሮ ያላበዋል። በየዓመቱ ይቀባል፣ በየዓመቱ ቀለሙ እንደ ተላጠ ድንች ልጣጭ ይረግፋል። በዚያ ዓመት ሻጋታው እስከ አልጋዎቹ ራስጌ ወጣ። የክፍሉ ሐኪም ልጆቹን ሳል አልለቃቸው እንዳለ በደብዳቤ ጻፈች፤ አሥራ አራት አልጋ ወደ ሌላ ክፍል ተሸጋሽጎ፣ ሁለት ሁለት ሕፃን ባንድ አልጋ መተኛት ጀመረ።

ኢንጂነሩ ፕላኑን ዘርግቶ አጠና። «በዚህ በኩል ምንም መስመር የለም። የዝናብ ውሃ ነው እየሰረገ ያለው። መሠረቱን ዙሪያውን ቆፍረን በኮንክሪት እንዘጋዋለን» አለ።

«ዝናቡ ካቆመ ሁለት ወሩ ነው» አለ ጆሮ። «ግድግዳው ግን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።»

«ታዲያ ምንድነው ይላሉ?»

«አላውቅም። አንድ ነገር ፍቀድልኝ። እሑድ ጠዋት የሆስፒታሉን ውሃ በሙሉ አሥር ደቂቃ ዝጋልኝ።»

አሥር ደቂቃ ውሃ መዝጋት ሆስፒታል ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። ኢንጂነሩ ፊቱን አጨፈገገ፤ ቢሆንም የኦፕሬሽን ክፍሉን ጠይቆ፣ ባልዲ አስሞልቶ፣ ፈቀደ። እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዋናው ቫልቭ ተዘጋ። ፓምፖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሰላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያ ሕንጻ እንዲህ ጸጥ ብሎ ሰምቶት አያውቅም። ፌሮውን ከኋላ ግድግዳው ሥር፣ ከሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ተከለና ጆሮውን ሰጠ።

መጀመሪያ የራሱን ደም ሰማ። ከዚያ ከሥሩ አንድ ሌላ ድምፅ መጣ። ሲስ አይልም። አያገሳም። በሰላሳ አራት ዓመት ከሰማቸው ድምፆች አንዱንም አይመስልም። ሳይቸኩል፣ ሳይቆም፣ ብዙ ሰው በአንድነት ቀስ ብሎ እንደሚያወራ ያለ ወራጅ ነው።

«ና» አለ ኢንጂነሩን፣ «ተንበርከክ።»

ኢንጂነሩ ንጹሕ ሱሪውን አየት አደረገና ተንበረከከ። ፌሮው ጆሮው ላይ ሲያርፍ ፊቱ ተለዋወጠ። «ግን እኮ... ተዘግቷል» አለ፤ «ሁሉም ተዘግቷል።»

«ተዘግቷል» አለ ጆሮ።

«ፕላኑ ላይ የለም!»

«ፕላኑ ላይ የለም።»

ሰኞ ቁፋሮ ተጀመረ። አንድ ሜትር ድረስ ፍርስራሽና የግንባታ ትራፊ ወጣ። ከዚያ በታች ጥቁር አፈር። ከሰው ቁመት በላይ ሲወርዱ የኤሌክትሪክ ሰራተኛው፣ ያ ሲስቅ ከግድግዳ የተንሸራተተው፣ ሊያግዝ ገብቶ ኖሮ፣ ዶማው ድንጋይ መታ። ጠርበው ጎን ለጎን ያጋደሟቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነበሩ። ሁለቱን በጥንቃቄ አነሱ። ከሥራቸው የተቦካ፣ አመድማ፣ እንደ ሳሙና የለሰለሰ ሸክላ አፈር አለ፤ ተደልድሎ ገንዳ የመሰለ። በገንዳው ውስጥ ጥቁር ሆነው፣ እርጥበት አብርቷቸው፣ በጥቅል በጥቅል ታስረው፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያላቸው ነገሮች ተጋድመዋል። ውሃው በውስጣቸውም በመሀላቸውም ይሄዳል። ብርጭቆ ይመስላል።

ጆሮ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ በሆዱ ተኝቶ እጁን ሰደደ። ቅዝቃዜው እስከ ክርኑ ተሰማው። አንደኛውን በጣቱ ዳሰሰ፤ አንጓ አለው።

«ሸምበቆ» አለ።

ከጉድጓዱ ወጣና አፉ ላይ እግሩን ቁልቁል ሰድዶ ተቀመጠ። እንደዚያው ተቀምጦ፣ አፈር በአፈር እንደሆነ፣ እትዬ መምህርት የነገሩትን ሁሉ ነገራቸው፤ የላቲኑን፣ የግሪኩን፣ ጭቃ ላይ ይጽፉ የነበሩትን። ቁፋሮ ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ሰሙ። የኤሌክትሪክ ሰራተኛው ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ ይህን ትምህርት በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት» አለ ኢንጂነሩ። «ቃሉን በቀን መቶ ጊዜ እጽፈዋለሁ። ከምን እንደመጣ ግን ጠይቄም አላውቅም።» ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ ደግሞ «ይህንን ማነው የሠራው? መቼ?» ብሎ ጠየቀ።

ችግሩ ወዲያው ታየ። አሮጌው ክንፍ ሲሠራ አንድ የመሠረት ድንጋይ በሸምበቆዎቹ ላይ ተጭኖ ከፊሎቹን ሰብሯል፤ ከተሰበረው ቦታ የሚያመልጠው ውሃ ነው ግድግዳውን ሽቅብ ሲወጣ የኖረው።

«እንግዲህ አንደኛችንን ከምንጩ በኩል እንዝጋው?» አለ ኢንጂነሩ፤ አሁን ግን ትእዛዝ አልነበረም፣ እየጠየቀ ነው።

«ብትዘጋው ይሄን ግድግዳ ይተውና የሚቀጥለውን ይይዛል። ውሃ ክፋት የለውም፤ መሄጃ ስጡኝ ነው የሚለው። መንገድ አበጅተን እንምራው። ልብስ ማጠቢያው እዚህ ጥግ ነው፤ ውሃ በተቋረጠ ቁጥር እጃቸውን አጣምረው የሚቀመጡት አጣቢዎቹ ናቸው።»

«ቻናል እናድርገው ማለትዎ ነው» አለ ኢንጂነሩ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

ሥራው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ጆሮ ከተሰበሩት በቀር አንድም ሸምበቆ እንዲነካ አልፈቀደም። ከግድግዳው የሚያርቅ አዲስ የፕላስቲክ ቧንቧ እስከ ልብስ ማጠቢያው ታንከር ተዘረጋ። ያስቸገረው አዲሱ ከአሮጌው የሚገናኝበት ቦታ ነበር። ማጣበቂያ ሞከሩ፣ እርጥብ ሸምበቆ ላይ አልያዝ አለ። ሲሚንቶ ሞከሩ፣ በማግስቱ ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ቀን ጆሮ ከዚያው ጉድጓድ ግድግዳ ላይ አመድማውን ሸክላ ዛቀ፤ አቦክቶ፣ አሽቶ፣ የጥንቶቹ እንዳደረጉት በመገጣጠሚያው ዙሪያ ለጠፈው። ሲለጥፍ ነው ያየው። ከጎኑ በነበረው አሮጌ መገጣጠሚያ ላይ፣ ሸክላው ውስጥ፣ ጣቶች ተጭነው አልፈዋል። አራት ጣትና አንድ አውራ ጣት። የጣት አሻራው መስመር ሳይቀር ይታያል። እጁን አጠገቡ አስቀምጦ ለካው፤ ያኛው ያንሳል። የሴት እጅ ይሁን፣ ጣተ ቀጭን ወንድ ይሁን አይታወቅም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ ሰው ልክ እዚህ ቦታ፣ ልክ እንዲህ ተንበርክኮ፣ ውሃው እንዳያመልጥ ጭቃውን ጠበቅ አድርጎ ጫን ብሏል። ምናልባት ወገቡን ይዞ «ይበቃል» ብሎ ተነስቷል።

ጆሮ የራሱን መገጣጠሚያ ጨርሶ ጫን አደረገ። ጭቃው ውሃውን ያዘ። ለረጅም ጊዜ ከዚያ ቦታ ሳይነሳ ሲቀር የኤሌክትሪክ ሰራተኛው ከላይ ሆኖ «ጋሽ ጆሮ፣ ደህና ነህ?» አለው። «ደህና ነኝ» አለና ጭቃውን ከጣቱ ጠረገ። ድንጋዮቹን እንደነበሩ መልሰው አለበሷቸው፤ ለመፈተሻ የሚሆን አንድ ክዳን ብቻ አበጁለት።

ግድግዳው በሦስት ወር ደረቀ። ሐኪሟ አልጋዎቹን መለሰች። ውሃው ተመርምሮ ለመጠጥ እንደማይሆን፣ ለማጠቢያ ግን ምንም እንደማይለው ተነገረ፤ ከዚያ ወዲህ የከተማው ውሃ በሚቋረጥበት ቀን እንኳን የሆስፒታሉ አንሶላ ይታጠባል። ሚስቱ «ድሮ ውሃ ሲጠፋ ትንሽ አርፍ ነበር፤ ይኸው አንሶላ በአንሶላ አደረግከኝ» እያለች ታማርራለች፤ ስታማርር ግን ደረቷን ነፋ አድርጋ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ሁለት ሰዎች መጥተው ከተሰበሩት ሸምበቆዎች ጥቂት ስብርባሪ በጠርሙስ ይዘው ሄዱ። ዕድሜው ከሆስፒታሉ እንደሚበልጥ የታወቀ ነው አሉ፤ በስንት እንደሚበልጥ ለማወቅ ጊዜ ይፈጃል አሉ። እስካሁን አልተመለሱም።

አንድ ቅዳሜ፣ እትዬ መምህርት መዝገበ ቃላቱን ሳያስወጡ ቀሩ። ነጠላቸውን ደርበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በር ላይ ጠበቁት። ከግቢያቸው ከወጡ ወራት አልፏቸው ነበር።

«ውሰደኝ» አሉት።

ክንዳቸውን ይዞ በየጥጉ እያሳረፈ ወሰዳቸው። ከሕፃናት ክፍሉ ጀርባ ወንበር አስቀመጠላቸው። መስኮቱ ተከፍቶ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሌላው ሲስቅ ይሰማል። ክዳኑን አንስቶ ለዚሁ የቆረጠውን ረጅም ፌሮ በዝግታ እስከ ድንጋዩ አወረደና ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አደረገላቸው።

እትዬ መምህርት ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም፤ ቀጥሎ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ የሰሙትን ሊደግሙት የፈለጉ ይመስል። ብዙ ቆዩ። ፀሐይዋ ከግድግዳው ጥግ ዞራ ጉልበታቸው ላይ አረፈች።

«ከየት ነው የሚመጣው?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ምንጩን ፍለጋ ወጥቼ ነበር» አላቸው። «በእረፍት ቀኔ ፌሮውን ይዤ፣ እያዳመጥኩ፣ ሽቅብ ሦስት መንገድ ተከተልኩት። በዳቦ ቤቱ ሥር ያልፋል፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያልፋል። ትልቁ አስፋልት ጋ ስደርስ የመኪናው ድምፅ በላዬ ላይ ሆነና ጠፋኝ። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚሄድ አላውቅም፣ እትዬ።»

አላውቅም ሲል ፊቱ ፈክቶ ነበር። እሳቸው አላዩትም። ፌሮውን በሁለት እጃቸው ጠበቅ አድርገው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ እንደገና ማዳመጥ ጀመሩ።